የተበከለ ምድር ዕዳና የሕዝብ ግምጃ ቤት

የሰው ልጅ የጣለውንና የቀበረውን ሁሉ ምድር በዝምታ ስለምትቀበለው፣ የጣለው የጠፋ፣ የቀበረውም የተረሳ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፋብሪካው ተዘግቶ፣ የጭስ ማውጫው ፈርሶ፣ ሠራተኛው ተበትኖ፣ ባለቤቱም ትርፉን ይዞ ከሄደ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በአፈሩ ውስጥ የቀረው ዘይትና ቅጥራን፣ እርሳስና ልዩ ልዩ መርዝ፣ ከዝናቡ ጋራ እየሠረገ ወደ ጕድጓድ ውሃ ይወርዳል፤ የሚተንነውም ክፍል በቤት ወለል ስንጥቅ አልፎ ሰው ወደሚተኛበት ክፍል ይገባል። አበው «የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ብድርና ስለ ቤተ ዘመድ ቢሆንም፣ በእኛ ዘመን ከኢንዱስትሪ ለተወረሰ ምድር የበለጠ የሚስማማው ጕዳይ አይገኝም።

እንግዲህ ይህን ዕዳ መክፈል የሚገባው ማን ነው? ሕሊና ያለው ሰው ሁሉ ወዲያውኑ «ያበላሸው ይክፈል» ብሎ ይፈርዳል፤ ፍርዱም ርቱዕ ነው። ዳሩ ግን ያበላሸው ሰው ሞቶ፣ ወይም ኩባንያው ከስሮና ፈርሶ፣ ወይም በፍርድ ቤት ለዓመታት ሲከራከር፣ ከመርዙ በላይ ቤት ሠርተው የሚኖሩ ሕፃናትና እናቶች ፍርዱን እየጠበቁ ሊታመሙ አይገባምና፣ የሕዝብ ግምጃ ቤት አስቀድሞ እጁን መዘርጋት አለበት። የሚዘረጋው ግን የተበደለውን ፈጥኖ ለማዳን እንጂ በዳዩን ነጻ ለማውጣት አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች ለያይቶ በሕግ ማጽናት ምን ያህል ከባድና ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ፣ የአሜሪካ አገር ታሪክ በግልጥ ያስተምረናል።

በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ በምትገኘው ከተማ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ዊልያም ላቭ የተባለ ሰው ከወንዙ ውሃ ጠልፎ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማውጣትና አዲስ የኢንዱስትሪ ከተማ ለመቈርቈር አስቦ ቦይ ማስቈፈር ጀመረ፤ ገንዘብ አጥሮት ሥራው ስለ ተቋረጠ ግን፣ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ጕድጓድ ብቻ ቀረ፤ ስፍራውም በእርሱ ስም ላቭ ካናል ተባለ። ከ1942 እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ድረስ ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ከ21,000 ቶን በላይ የኬሚካል ዝቃጭና ትርፍራፊ፣ የሚበዛውን በብረት በርሜል አድርጎ፣ በዚህ ጕድጓድ ቀበረ። በ1953 ኩባንያው ጕድጓዱን በሸክላ አፈር ሸፍኖ መሬቱን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠ፤ በሽያጩ ውል ላይም በስፍራው የኬሚካል ትርፍራፊ መቀበሩን ገልጦ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ለሚደርሰው ጕዳት ተጠያቂ እንዳይሆን የሚያደርግ አንቀጽ አስገባ።

ትምህርት ቦርዱ በዚሁ መሬት ላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠራ፤ በአካባቢውም መንገድና የፍሳሽ ቧንቧ ሲቈፈር የሸክላው ክዳን በየቦታው ተበሳ። ወጣት ባለትዳሮች ከእግራቸው በታች ምን እንዳለ ሳይነገራቸው ከባንክ በተበደሩት ገንዘብ ቤት እየገዙ ገቡ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከባድ ዝናብና በረዶ ጥሎ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ባለ ጊዜ፣ የዛጉት በርሜሎች ከአፈሩ ብቅ አሉ፤ ከቤት በታች ባሉት ክፍሎች ግድግዳ ላይ ጥቁር ፈሳሽ ያንጠባጥብ ጀመር፤ በጓሮ ሲጫወቱ የዋሉ ልጆችም እጃቸውና ፊታቸው ተቃጥሎ ወደ እናቶቻቸው ተመለሱ። በምርመራ ከተገኙት ነገሮች መካከል ለተባይ ማጥፊያ ያገለግል የነበረው ሊንዴንና ከመርዞች ሁሉ ክፉ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ዳዮክሲን ነበሩ።

ልጇ በዚያ ትምህርት ቤት ሲማር የታመመባት ሎይስ ጊብስ የተባለች ወጣት የቤት እመቤት፣ ሹመትም ሀብትም ሳይኖራት፣ ቤት ለቤት እየዞረች ፊርማ ሰበሰበች፤ ጎረቤቶቿንም በማኅበር አደራጅታ በባለሥልጣኖች ፊት ቆመች። በነሐሴ መጀመሪያ 1978 የክፍለ ግዛቱ የጤና ኃላፊ ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ አዘዘ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከሁለት ዓመት በታች ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦችም በአስቸኳይ እንዲለቁ መከረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ፕሬዚደንት ጂሚ ካርተር፣ እስከዚያ ድረስ ለጎርፍ፣ ለአውሎ ነፋስና ለመሬት መንቀጥቀጥ ይሰጥ የነበረውን የፌዴራል የአስቸኳይ ጊዜ ርዳታ፣ የሰው እጅ ላመጣው መዓት ፈቀደ። በመጨረሻ ከ900 የማያንሱ ቤተሰቦች ስፍራውን ለቀቁ።

በዚህ ሁሉ መካከል የታየው ጭንቀት የገንዘብ ጭንቀት ነበር። ነዋሪው ቤቱን እንዳይሸጥ ገዢ የለውም፤ ጥሎ እንዳይሄድ የባንክ ዕዳ አለበት፤ ከተማው ድኻ ነው፤ ትምህርት ቦርዱ ከመማሪያ ክፍልና ከመምህራን ደመወዝ የሚተርፍ ሀብት የለውም፤ ኩባንያው ደግሞ በአንድ ዶላር የተፈረመውን ውል ያሳያል። ሁከርን ገዝቶ የነበረው ኦክሲደንታል ኩባንያ ለፌዴራሉ መንግሥት 129 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል የተስማማው በ1995 ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ 17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ1978 በማሕፀን የነበረ ሕፃን በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሊፈጽም ተቃርቧል። የሕዝብ ገንዘብ አስቀድሞ ባይወጣ ኖሮ ያ ሁሉ ቤተሰብ ፍርድን በመርዝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ከዚህ መከራ የተነሣ የአሜሪካ ምክር ቤት፣ በሕዝብ ዘንድ ሱፐርፈንድ በሚል ስም የታወቀውን ሕግ አወጣ፤ ካርተርም በታኅሣሥ 11 ቀን 1980 ፈረመበት። የዚህ ሕግ ጥበብ ሁለቱን ሐሳቦች፣ ማለት የበዳዩን ተጠያቂነትና የተበደለውን ፈጥኖ መዳን፣ በአንድ ሰነድ ማስተሳሰሩ ነው። በአንድ በኩል ተጠያቂነትን እጅግ አሰፋው፤ መርዙን የጣለው ብቻ ሳይሆን፣ እንዲጣል ያዘዘው፣ ስፍራውን መርጦ ያጓጓዘው፣ በተጣለ ጊዜ የመሬቱ ባለቤት የነበረው፣ ዛሬም ባለቤት የሆነው፣ ሁሉም ይጠየቃል፤ «በዚያን ጊዜ የሚከለክል ሕግ አልነበረም» ወይም «በጥንቃቄ ነው የሠራሁት» ማለት አያድንም፤ ጕዳቱ ተለይቶ ሊከፋፈል የማይችል በሆነ ጊዜም ከብዙዎቹ አንዱ የሁሉንም ዕዳ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት ክርክሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ የሚያወጣው ገንዘብ በአደራ እንዲቀመጥ አደረገ፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የታሰበው 1.6 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የሚበዛው ክፍል ከነዳጅ ዘይትና ከኬሚካል ጥሬ ዕቃ ላይ በሚሰበሰብ ግብር የሚሞላ ነበር። ይህም ማለት ምንም እንኳ የአንዱ ስፍራ በዳይ ባይገኝ፣ ከዚያ ዓይነቱ ንግድ ያተረፉት በጠቅላላው ለሚተርፈው መርዝ አስቀድመው መዋጮ ያደርጋሉ ማለት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የተጠረጠረውን ስፍራ መርምሮ፣ መርዙ ወደ ውሃ፣ ወደ አየርና ወደ ሰው የመድረስ ዕድሉን አመዛዝኖ ነጥብ ይሰጠዋል፤ 28.5 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘው ብሔራዊ ቅድሚያ በሚሰጠው መዝገብ ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ ተጠያቂዎቹ ተፈልገው ራሳቸው እንዲያጸዱ ወይም ወጪውን እንዲከፍሉ ይታዘዛሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት ትእዛዙን እንቢ ያለ፣ መንግሥት በእርሱ ፈንታ ያወጣውን እስከ ሦስት እጥፍ ሊቀጣ ይችላል። ተጠያቂው ያልተገኘለት ወይም ከፋዩ የከሰረበት ስፍራ ሲሆን ግን፣ ለማጽዳቱ ሥራ ፈንዱ ከመቶ 90 እጁን፣ ክፍለ ግዛቱ 10 እጁን ይከፍላሉ። ክፍለ ግዛቱ ይህችን አንድ ዐሥረኛ እንዲያዋጣ መደረጉ ለከንቱ አይደለም፤ ከራሱ ኪስ ጥቂት ያወጣ ሰው ሥራው በትክክል መሠራቱን ይከታተላልና።

ማጽዳት የሚባለው ነገር ለምን ይህን ያህል ገንዘብ እንደሚፈጅ የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። አፈሩ በአንድ ቀን በመኪና ተጭኖ የሚወገድ አይደለም፤ አስቀድሞ በየቦታው በጠባብ መሰርሰሪያ እየተበሳ ናሙና ይወሰዳል፣ ውሃው ወዴት እንደሚፈስስ በዓመታት ይጠናል፤ ከዚያም እንደ መርዙ ጠባይ፣ አፈሩ ይታጠባል፣ ወይም በእሳት ይነጥራል፣ ወይም የሚተንነው ነገር በቧንቧ ይሳባል፣ ወይም ሊወጣ የማይችለው በሸክላና በፕላስቲክ ክዳን ታሽጎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል። በላቭ ካናል የተደረገው ይህ የመጨረሻው ነው፤ መርዙ ዛሬም በዚያው ተቀብሮ ይገኛል፤ ከክዳኑ ሥር የሚወጣው ፈሳሽ በቦይ እየተሰበሰበ ይጣራል። ስፍራው ከብሔራዊው መዝገብ የተፋቀው በ2004 ቢሆንም ጠባቂው ግን አልተነሣም። ከዚህ የተነሣ ለምድር ንጽሕና የሚመደብ ገንዘብ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ምጽዋት ሳይሆን፣ በየዓመቱ የማይነጥፍ ምንጭ ያለው ሊሆን ይገባዋል።

ምንጩ ሲነጥፍ ምን እንደሚሆንም ያው አገር አሳይቶናል። በ1986 ሕጉ ታድሶ ፈንዱ ወደ 8.5 ቢሊዮን ዶላር ቢያድግም፣ ግብሩ በ1995 ማብቂያ ዘመኑ ሲያልፍ ምክር ቤቱ ሳያድሰው ቀረ። የተጠራቀመው ገንዘብ ለጥቂት ዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ በ2003 የበጀት ዓመት ማብቂያ ለአዲስ ሥራ የሚሆን ትርፍ አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ ባለቤት ለሌላቸው ስፍራዎች የሚከፈለው በአብዛኛው ከጠቅላላው ሕዝብ ግብር ሆነ። ከመርዙ ንግድ አንዲት ሳንቲም ያላተረፈ መምህርና ሾፌር፣ የሌላውን ትርፍ ጕድፍ መጥረግ ግዴታው ሆነ፤ ሥራውም በየዓመቱ ከሌላው በጀት ጋራ እየተሻማ ይዘገይ ጀመር። ይህ በደል የታረመው ከሩብ ምዕት ዓመት በኋላ ነው፤ በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለሱፐርፈንድ 3.5 ቢሊዮን ዶላር ከመመደቡ ሌላ የኬሚካሉን ግብር መለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሕግ ደግሞ በነዳጅ ዘይት ላይ በበርሜል 16.4 ሳንቲም የሆነውን ግብር ከ2023 ጀምሮ አጸና።

ሆኖም ሱፐርፈንድ የሚነካው እጅግ የከፉትን ስፍራዎች ብቻ ነው፤ መዝገቡ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ብዙም ያልበለጡ ስፍራዎችን ሲይዝ፣ ብራውንፊልድ የሚባሉት፣ ማለት ተበክለዋል ተብለው ስለሚጠረጠሩ ብቻ ማንም የማይነካቸው የድሮ ፋብሪካዎች፣ የነዳጅ ማደያዎችና መጋዘኖች ከ450,000 እንደሚበልጡ ይገመታል። እዚህ ላይ የሕጉ ጥብቅነት ራሱ ሌላ ችግር ወለደ፤ የዛሬ ባለቤት ሁሉ የሚጠየቅ ከሆነ ባንክ አያበድርም፣ ነጋዴ አይገዛም፤ ሥራ ፈላጊው በሚኖርበት በመሀል ከተማ ያለው መሬት በሣርና በዝገት ተውጦ ሲቀር፣ አዲሱ ፋብሪካ ከከተማ ውጭ ያለውን ለም እርሻ ይዞ ይሠራል። ይህን ለመፈወስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ በሚገኝበት አውራጃ፣ የ200,000 ዶላር የሙከራ ርዳታ ተሰጠ፤ ከሙከራውም የተገኘው ትምህርት በጥር 2002 በሕግ ጸንቶ፣ መሬቱን ከመግዛቱ በፊት ተገቢውን ምርመራ ያደረገና ብክለቱ ላይ እጁ የሌለበት ገዢ እንዳይጠየቅ ሆነ፤ ለከተሞችም ለምርመራ፣ ለማጽዳትና ለነዋሪው የሥራ ሥልጠና የሚሆን ርዳታ ተፈቀደ። ርዳታውን መውሰድ የማይፈቀድለት ግን ራሱ በካዩ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ለኃጢአተኛው ሽልማት እንዳይሆን ይህ አንቀጽ ዘብ ቆሞ ይጠብቃል።

ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩባት በሲያትል ከተማ፣ በዩኒየን ሐይቅ ዳር፣ የዛጉ ማማዎችና ታንኮች በአረንጓዴ ሣር መካከል ቆመው ይታያሉ። ይህ ጋዝ ወርክስ ፓርክ ነው። ከ1906 እስከ 1956 ድረስ በዚህ ስፍራ ከድንጋይ ከሰል፣ ኋላም ከነዳጅ ዘይት፣ ለከተማው መብራትና ምድጃ የሚሆን ጋዝ ይመረት ነበር፤ የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ ሲመጣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ቅጥራኑና ጥቁሩ ዝቃጭ ግን በአፈሩ ቀረ። ከተማው መሬቱን ገዝቶ ለመናፈሻ ባሰበ ጊዜ፣ ሪቻርድ ሃግ የተባለው ነዳፊ ፋብሪካውን አፍርሶ አፈሩን በሙሉ ከመጣል ይልቅ፣ ሰጋቱራና የፍሳሽ ዝቃጭ ከአፈሩ ጋራ እያስታረሰ፣ ዘይት የሚበሉ ረቂቃን ሕዋሳት እንዲበዙና መርዙን እንዲያፈርሱት አደረገ፤ የፈራረሰውንም ኮንክሪት ከምሮ፣ በንጹሕ አፈር አልብሶ፣ ልጆች ካይት የሚያበሩበት ኮረብታ ሠራበት። መናፈሻው በ1975 ለሕዝብ ተከፈተ። ዳሩ ግን በ1984 እንደ ገና ሲመረመር የቀረ መርዝ ስለ ተገኘበት ለጊዜው ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላም ተጨማሪ የአፈር ክዳን ለበሰ፣ የከርሰ ምድሩም ውሃ አየር እየተነፋበት ተጣራ፤ በሐይቁ ወለል ላይ የተኛው ደለል ጕዳይም ለከተማውና ለጋዝ ፋብሪካው ወራሽ ለሆነው ኩባንያ የጋራ ዕዳ ሆኖ ተከተላቸው።

ሲያትል የምትገኝበት ክፍለ ግዛት ሕዝብ በ1988 እ.ኤ.አ. በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ ያወጣው ሕግ ከፌዴራሉ ሕግ ጋራ አንድ መንፈስ አለው፤ በአደገኛ ዕቃዎች የጅምላ ዋጋ ላይ ከመቶ 0.7 ግብር ጥሎ፣ ከተሞችና ወደቦች የተበከለ መሬታቸውን የሚያጸዱበት ርዳታ ከዚያው እንዲሰጥ አዘዘ። ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ግብር ንግዱን አላጠፋውም፤ የምድሪቱን ሕመምተኞች ግን ያለ ሐኪም አልተዋቸውም።

ከዚህ ሁሉ ለአገራችን ለኢትዮጵያ ምን እንወስዳለን? በሕግ በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የበከለ ሰው ያበላሸውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። እንግዲህ በዳዩ ታውቆ በእጅ ሲገኝ ፍርዱ የተጻፈ ነው። ያልተጻፈው፣ በዳዩ ባልታወቀ ወይም መክፈል ባልቻለ ጊዜ የሚሆነው ነው።

ይህም ጥያቄ ከአሜሪካ ይልቅ በእኛ ዘንድ የጠነከረበት ልዩ ምክንያት አለው። በ1967 ዓ.ም. ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ከግል ባለሀብት ተወርሰው የመንግሥት ሆኑ፤ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ ተመልሰው ለግል ገዢ ተሸጡ። በአቃቂ ወይም በሞጆ በመሰለ ስፍራ የቆየ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ወይም የቆዳ ፋብሪካ፣ በግቢው አፈር ውስጥ የሦስት ዘመን ባለቤት ትርፍራፊ ሊኖርበት ይችላል፤ ከሦስቱም አንዱ መንግሥት ራሱ ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የኋለኛውን ገዢ ብቻ ይዞ «አንተ ክፈል» ማለት ርትዕ አይደለም፤ የሕዝብ ግምጃ ቤት በዚያ ላይ የሚያወጣው ገንዘብም ቸርነት ሳይሆን የራሱ የዕዳ ድርሻ ነው።

ይህን ዕዳ በገዛ እጃችን ሳንከፍል ስንቀር ሌላው ይከፍልልናል፤ ነገር ግን በእርሱ ጊዜና በእርሱ ፈቃድ ነው። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ፣ ለእርሻም ተብሎ ለዐሥርተ ዓመታት ከውጭ የመጣው የተባይ ማጥፊያ መርዝ በየመጋዘኑ አርጅቶ፣ ከተቀደደው በርሜልም ወደ መሬት እየፈሰሰ ሲከማች፣ በሺህ የሚቈጠረውን ቶን ለማስወገድ አገራችን በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አማካይነት የለጋሾችን መንግሥታት ገንዘብ መጠበቅ ነበረባት፤ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያም ብዙው መርዝ ታሽጎ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ በዚያ ተቃጠለ። የሠሩት ሥራ ምስጋና ይገባዋል፤ ግን ያ ገንዘብ ከሌላ አገር ግብር ከፋይ የወጣ ነው፤ መርዙን ሲሸጡ ካተረፉት በትንሽ በትንሹ ተጠራቅሞ ቢሆን ኖሮ፣ መጋዘኑ አጠገብ የሚኖረው ገበሬ ያን ያህል ዘመን ባልጠበቀ።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲደረጉ በልበ ሙሉነት እንመክራለን። አንደኛ፣ የተዘጉና ቦታቸውን የሚለቁ ፋብሪካዎች፣ የነዳጅ ዴፖዎችና የመርዝ መጋዘኖች መሬት በመዝገብ ይስፈር፤ አፈሩና ውሃው ሳይመረመር ለመኖሪያ ቤት፣ ለትምህርት ቤትም ሆነ ለገበያ አይሰጥ፤ የላቭ ካናል መከራ የጀመረው መርዙ በተቀበረ ዕለት ብቻ ሳይሆን መሬቱ ለትምህርት ቤት በተላለፈበት ዕለት ነውና። ሁለተኛ፣ መርዝነት ባለው ኬሚካልና በነዳጅ ንግድ ላይ መጠነኛ ቀረጥ ተጥሎ፣ ለሌላ ጕዳይ የማይነካ የአደራ ገንዘብ ይከማች። ሦስተኛ፣ መንግሥት ከዚህ ገንዘብ አስቀድሞ ያጽዳ፣ በኋላም ተጠያቂውን እየተከተለ ያስከፍል፤ ከፋዩ ራሱ መንግሥት በሆነበት ስፍራም ድርሻውን ሳይደብቅ ይክፈል።

«ድኻ አገር ይህን ከየት ያመጣል?» የሚል ሰው ይኖራል። ድኻ አገር በእውነት ሊሸከመው የማይችለው ግን የዘገየውን ዕዳ ነው፤ በበርሜል ውስጥ ሳለ በጥቂት ሠራተኛ የሚወገደው መርዝ፣ ከርሰ ምድር ውሃ ከገባ በኋላ የባለጠጎቹንም አገር ካዝና ሲፈትን አይተናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ ማቋቋም ለአገር ዕድገት ግድ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የፋብሪካውን ፍጻሜ አስቀድሞ ማሰብና ለዚያ ገንዘብ ማኖር የዕድገቱ ክፍል ነው፤ የዛሬ ባለሥልጣንና የዛሬ ባለሀብት ይህን ካደረጉ፣ ልጆቻችን ከእኛ የሚወርሱት መሬት ቤት የሚሠሩበት፣ ውሃ የሚቀዱበትና ያለ ፍርሀት ልጅ የሚያሳድጉበት ይሆናል።